ስለ ሰዋድ ገጠር የተጻፈ ደብዳቤ

የቀደምት ሙስሊሞች የሕክምና ታሪክ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሱን የደማስቆው የኑረዲንና የካይሮው የቀላውን ሆስፒታሎች ናቸው። ያኮራሉ። ነገር ግን ሆስፒታል የሚጠቅመው በቅድሚያ በአቅራቢያው የሚኖረውን ሰው ነው። ከከተማ ርቆ የሚያርሰው ገበሬስ ከመንግሥት ምን ደረሰው? ይህን ጥያቄ ከሺህ ዓመት በፊት ያነሳ አንድ ባለሥልጣን ነበር።

ዐሊይ ኢብን ዒሳ ይባላል። በዐባሲዩ ኸሊፋ በአል-ሙቅተዲር ዘመን፣ በ301 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 913) ወዚር ሆነ። ቤተ መንግሥቱ ገንዘብ ሲበትን እርሱ ወጪ ይቆጥር ነበር። የሕክምናው ኃላፊ ደግሞ ታዋቂው ሐኪም ሲናን ኢብን ሳቢት ነው። በ306 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 918) ባግዳድ ውስጥ ብቻ ሁለት ሆስፒታሎች ተከፈቱ፤ የአንዱ ወጪ በወር 600 ዲናር፣ የሌላው 200 ዲናር ነበር። በ319 (እ.ኤ.አ. 931) የከተማዋ ሐኪሞች እንዲፈተኑ ሲታዘዝ ቁጥራቸው ከ860 በላይ ሆኖ ተገኘ።

እስኪ አሁን ከከተማዋ ወጣ በሉ። ሰዋድ በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል የተዘረጋው የኢራቅ የእርሻ አገር ነው። የመንግሥቱ ግምጃ ቤት ዋነኛ የግብር ምንጭም እርሱ ነበር። ግብሩ ወደ ባግዳድ ይሄዳል፤ ሐኪም ግን ወደ መንደሩ አይመጣም።

የሐኪሞችን ታሪክ የጻፈው ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ እንዳቆየልን፣ ወዚሩ በሽታ በበዛበት አንድ ዓመት ለሲናን ደብዳቤ ጻፈ። በሰዋድ ሐኪም የሌላቸው ሕሙማን እንደማይጠፉ ገልጾ፣ መድኃኒት የያዙ ሐኪሞች እንዲላኩ፣ በየስፍራው እንደ አስፈላጊነቱ ቆይተው ወደሚቀጥለው እንዲያልፉ አዘዘ። ሐኪሞቹ ሱራ ሲደርሱ አብዛኛው ነዋሪ አይሁዳዊ ሆኖ ተገኘ። ሲናን፣ እርሱ ራሱ በወቅቱ ሙስሊም ያልነበረው፣ የባግዳዱ ሆስፒታል ሁሉንም እንደሚያክም አስታውሶ ምን ይደረግ ሲል ጠየቀ። ወዚሩ ዚሚዮችንም እንስሳትንም ማከም ተገቢ መሆኑ እንደማያከራክር ገልጾ፣ ሰው ከእንስሳ፣ ሙስሊሙ ከዚሚዩ እንዲቀድም፣ ከዚያ የተረፈው ለተከታዩ እንዲሆን መለሰ። ቅደም ተከተሉን የዛሬ አንባቢ ሊጠይቅበት ይችላል። ሐኪሞቹ ወደ መንደሮቹ እንዲዘልቁ ማዘዙን ግን አልተወም፤ መንገዱ አስጊ ሆኖ አጃቢ ካላገኙም ሰላም እስኪሆን እንዲጠብቁ እንጂ ጉዞውን እንዲተዉት አላለም።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ከዚያው ከባግዳድ ነው። በከተማዋ ከነበሩት ሆስፒታሎች አንዱ ወጪው የሚሸፈነው የኸሊፋው የአል-ሙተወኪል እናት ከተወችው ወቅፍ ነበር። የወቅፉ ገቢ ለሆስፒታሉና ለበኒ ሃሺም ቤተሰቦች ይከፈላል። የወቅፉ ኃላፊ የበኒ ሃሺምን ድርሻ እያስቀደመ የሕሙማኑን ያዘገይ ጀመር። አስቡት! እነዚያ የኸሊፋው ዘመዶች ናቸው፤ ደጅ የሚጠና ሰው አላቸው። ሕሙማኑስ ማን አላቸው? ሲናን አቤቱታውን ጻፈ።

ወዚሩ ኃላፊውን በብርቱ ወቀሰው። ከኃጢአቱም ነጻ ትሆናለህ ብዬ አላስብም አለው። ገንዘቡ ቢበዛም ቢያንስም ለሆስፒታሉ ድርሻው ሊደርሰው ይገባል፤ እንዲያውም ወደዚያ የሚጠጉት ደካሞች ስለሆኑ ቅድሚያ የሚገባው እርሱ ነው ሲል ጻፈለት። ክረምቱ በርትቶ ነበርና በተገኘው ዘዴ ሁሉ ገንዘብ ፈልጎ ለሕሙማኑና ለአእምሮ በሽተኞቹ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ ከሰልና ምግብ እንዲያቀርብ፣ ያደረገውንም በጽሑፍ እንዲያሳውቀው አዘዘው።