ዋሊያስ ባንድ

ዋሊያስ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ መጣጥፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአዲስ አበባ የተቋቋመ፣ ለብዙ ዓመታት በሒልተን ሆቴል የተጫወተ፣ በ1981 ወደ አሜሪካ ለትርኢት ተጉዞ ከአባላቱ ከፊሎቹ በዚያው የቀሩበት ዘመናዊ የሙዚቃ ቡድን ነው። ስሙን የወሰደው በሰሜን ተራሮች ብቻ ከሚኖረው ከዋልያ ሲሆን፣ ዝናው በይበልጥ የጸናው ግን ድምፃዊ ሳይገባባቸው በመሣሪያ ብቻ በተቀረጹት ዜማዎቹ፣ በተለይም በ1977 በታተመው «ቼ በለው» በተሰኘው ሸክላ ነው።

የዘመኑ ሁኔታ

የነሐስ መሣሪያ ሙዚቃ በኢትዮጵያ በ1924 ከኢየሩሳሌም ከመጡት አርባ የአርመን ልጆች ባንድ ጀምሮ፣ በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስና በምድር ጦር ኦርኬስትራዎች እያደገ መምጣቱ የታወቀ ነው። 1960ዎቹ ሲያልቁ፣ በአስመራ ከነበረው ከአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮና ከውጭ ከሚገቡት ሸክላዎች ጆሯቸውን ያሠለጠኑ ወጣቶች፣ የሠራዊት ልብስ ሳይለብሱና የመንግሥት ደመወዝ ሳይጠብቁ፣ ከስድስትና ከሰባት ሰው የማይበልጡ ባንዶችን በምሽት ክበቦች ማቋቋም ያዙ።

አመሠራረት

ቡድኑ የተመሠረተበትን ጊዜ ለመወሰን አስቀድሞ መነሻውን ከየት እንቆጥር የሚለውን መበየን ያስፈልጋል። አባላቱ በቬነስ የምሽት ክበብ አብረው ከተጫወቱበት ጊዜ የሚጀምር ጸሐፊ አንድ ዘመን ያገኛል፤ ዋሊያስ የሚለውን ስም ይዘው በሒልተን ከተዋዋሉበት የሚጀምር ደግሞ ሌላ ዘመን ያገኛል። በዚህ መጣጥፍ አዘጋጅ አስተያየት ግን ከሁለቱም ይልቅ ሚዛን የሚደፋው ቡድኑ የራሱን መሣሪያ የገዛበት ጊዜ ነው። በዚያን ዘመን እንደ ልማዱ ኦርጋኑም፣ ከበሮውም፣ ማጉያውም የክበቡ ባለቤት ንብረት ስለ ነበር፣ ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ሙዚቀኛ በማግስቱ የሚመታውም ሆነ የሚነፋው ነገር በእጁ አይገኝም፤ ስለዚህም ባንድ የሚባለው በእውነቱ ከክበቡ ወንበርና ጠረጴዛ ጋር የሚቆጠር ዕቃ ነበር። ዋሊያሶች ግን ገንዘብ አዋጥተው መሣሪያውን የራሳቸው ካደረጉ በኋላ፣ ሆቴሉን እንደ ጌታ ሳይሆን እንደ ተዋዋይ ይነጋገሩት፣ የሚጫወቱትንም ራሳቸው ይመርጡ ጀመር። ከዚህ በታች የሚነገረው የሥልት ለውጥ ሁሉ ከዚህ ነጻነት የተወለደ ይመስላል።

የቡድኑ መሪ ማን ነበር የሚለውም እንዲሁ አከራካሪ ነው። በኋላ ዘመን በውጭ ሀገር እንደ ገና የታተሙት ሥራዎች የኦርጋን ተጫዋቹን የኃይሉ መርጊያን ስም አስቀድመው «ኃይሉ መርጊያና ዋሊያስ ባንድ» ስለሚሉ፣ አዲሱ አድማጭ ሌሎቹን እንደ አጃቢ ብቻ ቢቆጥራቸው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ፒያኒስቱ፣ ድምፃዊውና የዜማ አቀናባሪው ግርማ በየነ በዘመኑ እጅግ የተፈለጉ ባለሙያ እንደ ነበሩ ሲታሰብ፣ ዋሊያስን እንደ አንድ ሰው ጭፍራ ሳይሆን እንደ ማኅበር መመልከት ወደ እውነት የቀረበ ይሆናል።

ኃይሉ መርጊያና ሰሜን ሸዋ

ኃይሉ መርጊያ በ1946 የተወለዱት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት በከተሙባትና ዛሬ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ወረዳዎች የሚተዳደሩበት የሰሜን ሸዋ ዞን መቀመጫ በሆነችው በደብረ ብርሃን ነው። በአሥር ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ አኮርዲዮንን ያለ መምህር ተለማምደው፣ ገና በ14 ዓመታቸው ከጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገቡ፤ ከዚያም ወጥተው በየከተማው ክበብ እየተዘዋወሩ ሲዘፍኑና ሲጫወቱ ቆዩ። በኋላ ኦርጋን ሲይዙ ከአሜሪካዊው የጃዝ ኦርጋን ተጫዋች ከጂሚ ስሚዝ ብዙ መማራቸው ይነገራል፤ ነገር ግን ቀኝ እጃቸው ዜማውን የሚያስረዝምበት፣ በአንዱ ድምፅ ላይ ተንጠልጥሎ የሚንቀጠቀጥበት አኳኋን፣ ከጂሚ ስሚዝ ይልቅ በመንዝ ጋራ ላይ የሚነፋውን ዋሽንት የሚያስታውስ ነው፤ ይህ እንኳ የአዘጋጁ ጆሮ ፍርድ እንጂ የተረጋገጠ ታሪክ አይደለም።

አባላት

በታወቀው ዘመኑ በኦርጋን ኃይሉ መርጊያ፣ በፒያኖ ግርማ በየነ፣ በሳክስፎንና በፍሉት ሞገስ ሀብቴ፣ በትራምፔት ዮሐንስ ተኮላ፣ በጊታር ማሕሙድ አማን፣ በቤዝ መላከ ገብሬ፣ በድራም ተማረ ሐረጉ ነበሩ።

የሥልት ለውጥ

በመጀመሪያው ወቅት ቡድኑ እንደ እኩዮቹ ሁሉ የአሜሪካ ሶል ዘፈኖችንና በጊዜው የታወቁትን የአማርኛ ዘፈኖች ይጫወት፣ ድምፃውያንንም ያጅብ ነበር። በሒልተን የተሰበሰበው እንግዳ ግን ከፊሉ አማርኛ የማያውቅ ከፊሉም እራት የሚበላ ስለ ነበር፣ ግጥም የሌለው ዜማ ቦታ አገኘ፤ ከዚህም የተነሣ በ1975 «ትዝታ» የተሰኘው የመሣሪያ ብቻ ካሴት፣ በ1977 ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን የተሳተፉበት «ቼ በለው» ወጣ። በዚህ ሸክላ ላይ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» ከሁሉ ይልቅ ዓለምን የዞረ ሥራ ነው፦ ቤዙ አጭር ሐረግ ይዞ ሳይሰለች ይመላለሳል፣ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ እንደ አንድ አፍ ዜማውን ይናገራሉ፣ ኦርጋኑም በመካከል ገብቶ ይመልስላቸዋል። በ2000 የአሜሪካው ኢዘር ኦርኬስትራ፣ በ2006 ደግሞ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ከሆላንዶቹ የዘ ኤክስ ባንድ ጋር ሆነው እንደ ገና ቀርጸውታል።

የውጭ ሀገር ነጋዴዎች ይህን ሙዚቃ «ሳይኬደሊክ» በሚለው መደብ ውስጥ ያስገቡታል። በፔዳል የሚያለቅሰው ጊታርና ጭጋግ የለበሰ የሚመስለው ኦርጋን ከለንደንና ከሳን ፍራንሲስኮ ባንዶች ጋር የሚያዛምዱት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን እነዚያ በቅዠትና በምናብ ዓለም ሲዋኙ፣ ዋሊያሶች ጨዋታቸውን ያቆሙት ሕዝቡ አስቀድሞ በሚያውቃቸው ቅኝቶች፣ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ላይ ስለ ሆነ፣ ስያሜው መልካቸውን እንጂ አጥንታቸውን አይገልጽም።

በ1978 የወጣው «ወደ ሐረር ጉዞ» አንዳንድ ጊዜ ከዋሊያስ ሥራዎች ጋር ይቆጠራል፤ ሆኖም ኃይሉ መርጊያ ያን የቀረጹት በግዮን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ከዳህላክ ባንድ ጋር ነው።

ሰዓት እላፊ

ከ1974 በኋላ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለ ታወጀ፣ እኩለ ሌሊት ሲደርስ የክበቡ በር ይቆለፍና ተመልካቹም ተጫዋቹም እስኪነጋ በዚያው ያድሩ ነበር፤ ባንዱም እስከ ንጋት መጫወት ግዴታው ነበር። ዜማዎቹ የረዘሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

የአሜሪካው ጉዞና ዘመነ ስደት

በ1981 ቡድኑ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በዚያ ሀገር ተዘዋውሮ የተጫወተ የመጀመሪያው የግል የኢትዮጵያ ባንድ ይኸው እንደ ሆነ በብዙ ጽሑፎች ይነገራል። አዳራሹን የሞሉት አሜሪካውያን ሳይሆኑ በአብዛኛው ቀድመው የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጉዞው ሲፈጸም ከፊሎቹ አባላት ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ ግን በዚያው ቀሩ። ዋሊያስን የከፈለው የሀገሩ ፖለቲካ ነው።

ከቀሩት ሦስቱ ዙላ ባንድን አቋቁመው ጥቂት ዓመታት ተጫወቱ። ኃይሉ መርጊያ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ እየተማሩ፣ በ1985 አኮርዲዮንን ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሙግና ከያማሃ ኪቦርድ ጋር ብቻቸውን አዋሕደው አንድ ካሴት ቀረጹ፤ ሰባት ሰው ያወጣው የነበረው ድምፅ በአንድ ሰው አሥር ጣቶች ሥር ገባ ማለት ነው። በኋላ መድረኩን ትተው በዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መንዳት ያዙ፤ ተራቸውን ሲጠብቁ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ትንሽ ኪቦርድ አውጥተው ከኋላ ወንበር ላይ ይለማመዱ ነበር። ግርማ በየነም በነዳጅ ማደያ ሠርተው ኖረው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በ2017 ከፈረንሳዮቹ የአካሌ ውቤ ባንድ ጋር አዲስ ሥራ አሳተሙ።

ዳግም መታተም

አሜሪካዊው የካሴት ሰብሳቢ ብራያን ሺምኮዊትዝ የ1985ቱን ካሴት በባሕር ዳር ገበያ አግኝቶ በ2013 አሳተመው። «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016፣ «ትዝታ» በ2021 ተከተሉ፤ ኃይሉ መርጊያም በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዲስ ቀርጸው አወጡ። ቡድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዳምጥ ሰው በቅርብ ከወጡት ሳይሆን ሰባቱም በሙሉ ኃይላቸው ከሚሰሙበት ከ«ቼ በለው» ቢጀምር ይሻለዋል።