በየሁለት ወሩ ኮሶ፦ የደጋው ቤተሰብ የጤና ልማድ ታሪክ

ኮሶ በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ለብዙ ዘመን የየቤቱ መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። ባልና ሚስት፣ ወጣትና ሽማግሌ፣ ጌታና አሽከር በየሁለት ወሩ ገደማ አንድ ቀን ለይተው ይጠጡት ነበር። የሚጠጡት አልጋ የሚያስይዝ ሕመም ስለያዛቸው አይደለም። ቤት በጊዜው እንደሚጠረግ ሁሉ ሆድም በጊዜው መጽዳት አለበት ተብሎ ይታመን ስለነበር ነው። ሐኪም ቤትም ሆነ ጤና ጣቢያ ባልነበረበት ዘመን ቤተሰቡ የራሱን ጤና በቀጠሮ ይጠብቅ ነበር። ስለ ኢትዮጵያ ሕክምና ታሪክ ሲነገር ይህ ልማድ የሚገባውን ቦታ ያገኘበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ዛፉ የደጋ ዛፍ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ይበቅላል፤ ይበልጥ የሚስማማው ግን ከ2,400 እስከ 3,200 ሜትር ያለው ብርዳማ አገር ነው። በባሌ፣ በአርሲ፣ በሰሜን፣ በጎጃምና በሸዋ ተራሮች ይገኛል፤ ከኢትዮጵያም ውጭ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች እስከ ማላዊ ድረስ ይዘልቃል። ቁመቱ 20 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ተባዕትና እንስት አበባ የሚወጡት በየራሳቸው ዛፍ ላይ ሲሆን ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለውና ተንዠርግጎ የሚወርደው የእንስቷ አበባ ነው። ለቃሚው ዛፉ ላይ ወጥቶ ዘለላውን ፍሬው ሳይበስል ይቆርጣል፣ በፀሐይ ያደርቃል፣ በእስር በእስር አድርጎ ገበያ ያወጣል። አበባው ከከረመ ኃይሉ ስለሚደክም ገዢ የዘንድሮውን ከአምናው ለይቶ ማወቅ ነበረበት።

ኮሶ የሚጠጣው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ጋር ወደ ሰውነት የሚገባውን ትል ለማስወጣት ነው። ቁርጥ፣ ጥሬ ክትፎና ጎረድ ጎረድ የግብር፣ የሠርግ፣ የፋሲካና የቅርጫ ክብር በሆኑበት አገር ትሉ የማይደርስበት ቤት ጥቂት ነበር። የሚኖረው በትንሹ አንጀት ውስጥ በራሱ ተጣብቆ ነው። ሰውነቱ ጠፍጣፋና ባለ ብዙ ክፍል ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። የበሰሉት የጅራት ክፍሎች እየተቆረጡ ይወጣሉ፤ አንዳንዴም ራሳቸው እየተንቀሳቀሱ ልብስ ላይ ይገኛሉ። ይህን ያየ ሰው ትሉንም በመድኃኒቱ ስም ጠርቶ «ኮሶ ታየኝ» ይላል፤ የመጠጫው ቀንም የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ነገሩ እንደ ነውር አይታይም ነበር። እንዲያውም ትል የሌለበት ሰው ጤናው አጠራጣሪ ነው ብለው የሚያስቡ እንደነበሩ የውጭ አገር ተጓዦች በመገረም ጽፈዋል።

ዝግጅቱ የሚጀምረው በዋዜማው ነው። የደረቀው አበባ ከእንጨቱ ተለይቶ በሙቀጫ ይወቀጣል ወይም በወፍጮ ይፈጫል፣ ይነፋል፣ ከዚያም በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ያድራል። የሚጠጣው ሰው ራቱን አቅልሎ ይተኛል። በማግሥቱ ማለዳ እህል ሳይቀምስ መጠጡን አማስሎ ከነአተላው በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ ይሞክራል፤ ምሬቱ ጉሮሮ ይይዛልና ቆም ብሎ መልሶ መጀመር ከባድ ነው። ማር ጣል የሚያደርጉበትም ነበሩ። ፊቱን ያጨፈገገ ሰው ኮሶ የጠጣ ይመስላል መባሉ ከዚህ የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የትዕግሥት ነው። ሆድ ይገላበጣል፣ ምራቅ ይሞላል፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል። የጠጣው ሰው መድኃኒቱ እንዳይወጣበት እየታገለ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ትሉ ሲወርድ የቤቱ ሰው እፎይ ይላል፣ ምግብና መጠጥም ይቀርባል።

ቀኑ የዕረፍት ቀን መሆኑ ለጤናው ታላቅ ድርሻ ነበረው። ኮሶ የጠጣ ሰው ከቤት አይወጣም፣ እንግዳ አይቀበልም፤ አሽከርም ቢሆን በዚያ ቀን ሥራ አይታዘዝም። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቆየው የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ ሰዎች በዚያ ቀን ከወዳጆቻቸው ተሰውረው ከጠዋት እስከ ማታ ቤታቸው እንደሚውሉ ተመልክቷል። ልማዱ ይህን ያህል የተከበረ ስለነበር ሰው ማየት የማይፈልግ ባለሥልጣን «ኮሶ ጠጥተዋል» አስብሎ እንግዳውን ከደጅ መመለስ ይችል ነበር፤ የተመለሰውም ሰው አይቀየምም። ዛሬ ለበሽተኛ ዕረፍት መስጠት የሕግና የወረቀት ጉዳይ ሆኗል። በዚያ ዘመን ግን ከቤተ መንግሥት እስከ ጎጆ ሁሉም የሚያውቀው ያልተጻፈ ደንብ ነበር፤ ከልማዱ ሁሉ ይበልጥ ሊደነቅ የሚገባውም ይህ ነው።

ኮሶ ዋጋው ርካሽ፣ ፈላጊውም ብዙ ነበር። ይሁን እንጂ ሻጮቹ በአብዛኛው ችግረኛ ሴቶች ስለነበሩ ሥራው ይናቅ ነበር። ንቀቱ በታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያገኘው በአፄ ቴዎድሮስ ምክንያት ነው። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ተቸግረው ጎንደር ውስጥ ኮሶ ይሸጡ ነበር ይባላል። ንጉሡ ገና ካሣ ኃይሉ ተብለው በሽፍትነት ሳሉ ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ በወቅቱ ጎንደርን ይገዙ ለነበሩት ለእቴጌ መነን እንደፎከረ ይተረካል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በተደረገው ውጊያ ግን ተሸንፎ ተማረከ። ካሣም ኮሶ አስበጥብጠው፣ እናታቸው ገበያ ስላልቀናቸው የተረፈውን እንዲጠጣ አዘዙት ይላል ትረካው። ጌቶቹም ተሳዳቢዎቹም በየሁለት ወሩ የሚጠጡትን መድኃኒት ከእነዚሁ ሴቶች እጅ የሚገዙ መሆናቸው ሲታሰብ ስድቡ ምን ያህል ግፍ እንደነበረ ይገባል።

የኮሶ ዝና ወደ አውሮፓ የደረሰው በብሩስ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1790 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ የዛፉን ሥዕል አውጥቶ፣ አበባው በጠላ ተዘፍዝፎ አድሮ በማለዳ እንደሚጠጣ ገልጿል። ኢትዮጵያውያን ራቅ ወዳለ አገር የማይጓዙት ይህን መድኃኒት ስለማያገኙ ነው እንደሚባልም ጽፏል። ለዛፉ ያወጣለት ስም የእንግሊዙን የዕፅዋት ሊቅ ጆሴፍ ባንክስን የሚያስታውስ ነበር። ይኸው ስም ቀደም ብሎ ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1791 ጀርመናዊው ግሜሊን በኮኒግስበርጉ ሊቅ በካርል ሃገን ስም ሃጌንያ አቢሲኒካ አለው። የዛሬው ሳይንሳዊ መጠሪያውም ይህ ነው። ጥቂት ቆይቶ ቁስጥንጥንያ ይኖር የነበረ ብራዬር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም፣ ለዓመታት በትል የተሠቃየ የቡና ቤት አስተናጋጅ አንድ አርመናዊ በሰጠው የኮሶ አበባ ሲድን አይቶ ናሙናውን ወደ ፓሪስ ላከ።

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ኮሶ በለንደንና በፓሪስ ውድ መድኃኒት ሆነ፤ በኋላም በብሪታንያ፣ በጀርመንና በአሜሪካ ይፋዊ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ገባ። እንደ አገሩ ግን አልበጀም። ቀይ ባሕርን አቋርጦ ሲደርስ አበባው ከርሟል፤ አንዳንዱ ነጋዴም የተባዕቱን አበባ ይቀላቅልበት ነበር። አውሮፓውያን በቅርባቸው የሚያገኙት የፈርን ሥር ስለነበራቸው ቀስ በቀስ ተዉት።

ልማዱ በየሁለት ወሩ የሆነበት ምክንያት የሚገባው የትሉ ሕይወት ሲታወቅ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሩዶልፍ ሎይካርት እ.ኤ.አ. በ1861 የትሉን ክፍሎች ለጥጃ አብልቶ፣ እንቁላሉ በከብቱ ጡንቻ ውስጥ ውሃ ያዘሉ ትንንሽ ከረጢቶች እንደሚሆን አሳየ። ሰው ይህን ሥጋ በጥሬው ሲበላ በከረጢቱ ውስጥ ያለው የትሉ ራስ አንጀት ላይ ይጣበቅና ማደግ ይጀምራል። የበሰሉ ክፍሎችን መጣል እስኪጀምርም ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል። በኮሶ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የትሉን ጡንቻ ያዝለዋል፣ መጠጡም ሆድን ያስኬዳል። ብዙ ጊዜ ግን የሚወጣው ረጅሙ አካል ሆኖ ራሱ ይቀራል፤ ከቀረው ራስ ደግሞ አዲስ ትል ያድጋል። በሥጋ ዳግም መያዝም ቢሆን የሚጠይቀው ጊዜ ያው ነው። ስለዚህ የደጋው ቤተሰብ አጉሊ መነጽር ሳያይ በልምድ ብቻ የቆረጠው ቀጠሮ ከትሉ ዕድገት ጋር የተገጣጠመ ነበር።

ልማዱ ያልደረሰበት ነገርም አለ። አንዷ የበሰለች የትል ክፍል በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር እንቁላል ትይዛለች። መጸዳጃ ጉድጓድ ባልነበረበት አገር ኮሶ የጠጣው ሰው የሚጸዳዳው በጓሮ ወይም በሜዳ ነው። የሚወጣው ትልም የሚወርደው ከብት በሚግጥበት ሣር ላይ ነበር። እያንዳንዱ የኮሶ ቀን የጠጣውን ሰው ሲያሽር በዚያው ልክ የመንደሩን ከብት ይበክላል፤ ከብቱም በበዓሉ ዕለት ታርዶ ወደ ገበታው ይመለሳል። መድኃኒቱ ሰውን እንጂ መንደሩን ያላዳነው፣ ልማዱም ለትውልዶች ሳያቋርጥ የዘለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳቱም ቀላል አልነበረም። መጠኑ በእፍኝ ስለሚለካ አንዱ ሲያንሰው ሌላው ይበዛበታል። የበዛበት ሰው በኃይል ያስመልሰዋል፣ አቅሙ ይዝላል፤ የዓይን ነርቭ ተጎድቶ ማየት እስከ መሳን የደረሱ ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው፤ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። በዚህ ምክንያት ለሕፃናትና ለደካሞች ለዘብ ያሉ መድኃኒቶች ይመረጡ ነበር። ከእነሱም የእንቆቆ ፍሬ፣ ብዙ ጊዜ ከኑግ ጋር የሚወቀጠው መተሬ እና የዱባ ፍሬ ይገኙበታል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ የኮሶ ትል መድኃኒቶች ባሳተሙት ጥናት ይህን ሁሉ ሰብስበው አቆይተዋል።

የኮሶን ቀን ያስቀረው እንክብል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኒክሎሳማይድ፣ በገበያ ስሙ ዮሜሳን፣ መሠራጨት ጀመረ። ዐዋቂ ሰው አራት ፍሬ አላምጦ ይውጣል፤ ቀን መለየት፣ ቤት መዋል፣ ከእንግዳ መሰወር አያስፈልገውም። ፕራዚኳንቴልም ተከተለ። በከተማ ልማዱ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ በገጠርም እየቀነሰ ሄደ። የደረቀው አበባ ዛሬም ከባህል መድኃኒት ሻጮች ዘንድ አይጠፋም፤ መጠኑን የሚያውቁት እናቶች ግን እያለቁ ነው። መጠኑ ሳይታወቅ የሚጠጣ ኮሶ ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ያሰጋል።

ዛፉም በሌላ ምክንያት ተመናምኗል። እንጨቱ ለበር፣ ለመስኮትና ለቤት ዕቃ ስለሚፈለግ ብዙ ተቆርጧል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዝግባ፣ ከሐበሻ ጥድና ከዋንዛ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ አድርጎት ነበር።

የትሉን ዑደት የመስበሩ ሥራ የወደቀው በሌሎች እጅ ነው። በቄራ የሥጋ መርማሪው የበሬውን ምላስ፣ የመንጋጋ ጡንቻ፣ ልብና የትከሻ ሥጋ በቢላዋ እየሰነጠቀ ከረጢቶቹን ይፈልጋል። ጥቂት ከረጢት ብቻ ያለበት ሥጋ ግን ሊያመልጠው ይችላል፤ በየሰፈሩ ለቅርጫ የሚታረደው በሬ ደግሞ መርማሪ ሳያየው ይከፋፈላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መጸዳጃ ቤት መሥራትን ከዋና ትምህርቶቹ አንዱ ማድረጉ የኮሶ ቀን ፈጽሞ ያልነካውን የችግሩን ሥር የሚነካ ነው። ትሉ ጥሬ ሥጋ በሚበላበት ሁሉ ዛሬም አለ፤ እስከ ውስጡ ድረስ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ሥጋ ግን አያስተላልፈውም።