"ስንት ሰው ይይዛል?" ከማለታችሁ በፊት፦ የስልጠና አዳራሽ ወንበር አመራረጥ

የሙሉ ቀን ስልጠና ገብታችሁ ከምሳ በኋላ መቀመጥ አቅቷችሁ ያውቃል? አሰልጣኙ ጎበዝ ነው፣ ርዕሱም የምትፈልጉት ነው። ግን ወገባችሁ እምቢ ብሎ ሰዓት ብቻ ታያላችሁ። እኛም ለሥራ በየአዳራሹ ስንዞር የገጠመን ነው። የስልጠና ማዕከል ልትከፍቱ ወይም አዳራሽ ልትከራዩ ካሰባችሁ ይቺን ሴቭ አድርጓት።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ወንበር በመልኩ አይመረጥም። የሚመረጠው ሰው ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥበትና ተቀምጦ ምን እንደሚሠራ ታይቶ ነው።

1. ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?
ለአንድ ሰዓት ገለጻ ፕላስቲክ ወንበርም ያስኬዳል። ግማሽ ቀን ከሆነ ስፖንጅ ያለውና ወገብ የሚደግፍ ይሁን። በየቀኑ ኮምፒውተር ላይ ለሚሰለጥኑ ከፍታው የሚስተካከል ወንበር ያዋጣል። ስፖንጁን በመዳፋችሁ ጫን አድርጉት፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ወዲያው ከተሰማችሁ ተዉት።

2. ምን ይሠራሉ?
ማዳመጥ ብቻ ከሆነ ወንበር በረድፍ መደርደር ይበቃል። የሚጽፉ ከሆነ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ክንዱ ላይ መጻፊያ የተገጠመለት ወንበር ቦታ ይቆጥባል፤ ግን ለላፕቶፕ ይጠባል። መጻፊያው በቀኝ ብቻ ከሆነ ደግሞ ግራኝ የሆነ ሰልጣኝ ቀኑን ሙሉ ተጣሞ ነው የሚጽፈው። የቡድን ሥራ ካለ ጠረጴዛውን ከበው ይቀመጡ፤ ማንም ለአሰልጣኙ ጀርባውን እንዳይሰጥ ግን የፊቱን ጎን ባዶ ተዉት።

3. ክፍሉ ስንት ይይዛል?
ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። 60 ካሬ ሜትር ክፍል እናስብ። ወንበር ብቻ ከተደረደረ ለአንድ ሰው 1 ካሬ ገደማ ይበቃል፤ ወደ 60 ሰው ማለት ነው። ጠረጴዛ ሲገባ ግን ለአንድ ሰው 2 ካሬ ገደማ ይፈልጋል፤ ወደ 30 ወረደ። የአሰልጣኙና የስክሪኑ ቦታ ሲቀነስ ከዚያም ያንሳል። ገንዘብ ተቀብላችሁ 60 ሰው ከመዘገባችሁ ግማሹን የት ልታስቀምጡት ነው?

4. ሜትር ያዙ
የመቀመጫው ከፍታ ከ43 እስከ 46 ሴ.ሜ፣ የጠረጴዛው ከ72 እስከ 75 ሴ.ሜ ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይመቻል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ካነሰ ጉልበት ይገጫል፤ በጣም ከበዛ ትከሻ ይደክማል።

5. መውጫውን አትርሱ
ወደ በሩ የሚወስደው መተላለፊያ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ክፍት ይሁን። እሳት ቢነሳ ሰው ወንበር እየዘለለ መውጣት የለበትም። በዊልቸር ለሚመጣ ሰውም አንድ ቦታ ቀድማችሁ ባዶ ተዉ፤ ያውም ጥግ ላይ ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። በሩን አልፎ የገባ ሰው በወንበር ብዛት መታገድ የለበትም።

6. ከመክፈላችሁ በፊት
መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ 40 ወንበር ከማዘዛችሁ በፊት አንዱ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ። አዳራሹ ለሌላ ዝግጅትም የሚከራይ ከሆነ ተደራራቢ ወንበር ይሻላል። ባለጎማ ከሆነ ጎማው ሲሰበር መለዋወጫ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። ጨርቅ ልብስ ቡና ሲደፋበት ይይዛል። ሌዘር መሳዩ በቀላሉ ይጠረጋል፤ ግን ያልባል፣ ርካሹም ቶሎ ይላጣል።

ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ "ስንት ሰው ይይዛል?" ብቻ አትበሉ። "ከነጠረጴዛው ስንት ሰው ይይዛል?" በሉና ራሳችሁ ሄዳችሁ ቁጠሩ።

እናንተስ ወንበሩ ያስመረራችሁ ስልጠና አለ? ኮመንት ላይ አጫውቱን።