ሕንፃ ሠርቶ ሀብት ማፍራት፦ የኦሊምፒያ ኤንድ ዮርክ ኩባንያ ታሪክና ትምህርቱ

አንድ ትልቅ ሕንፃ በተመረቀ ቁጥር በእኛ በመሐንዲሶች ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ የታወቀ ነው። መሠረቱ እንዴት ተጣለ? ጭነቱን ምን ተሸከመው? ሥራውስ በስንት ጊዜ አለቀ? እንባባላለን። ገንዘባቸውን ያወጡት ባለአክሲዮኖች የሚጠይቁት ግን ሌላ ነው። ሕንፃው ስንት ፈጀ? ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣል? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትስ ለማን ይደርሳል? ይላሉ። እነዚህ ሁለት ዓይነት ጥያቄዎች በተለያዩ ባለሙያዎች ይመለሱ እንጂ የሚነሡት በአንድ ሕንፃ ላይ ነው፤ አንዱም ያለ ሌላው ሙሉ መልስ አያገኝም።

ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ዝምድና በአንድ ኩባንያ ታሪክ አማካይነት ለማሳየት ይሞክራል። ኩባንያው በካናዳ ተመሥርቶ በቶሮንቶ፣ በኒው ዮርክና በለንደን ታላላቅ ሕንፃዎችን ያቆመው ኦሊምፒያ ኤንድ ዮርክ ነው። በ1980ዎቹ ውስጥ በዓለም ካሉት የሕንፃ አልሚዎች ሁሉ ትልቁ እንደሆነ ይነገርለት ነበር፤ በ1992 ግን ዕዳውን መክፈል ተስኖት ወደቀ። ያቆማቸው ታላላቅ ሕንፃዎች ግን ባለቤት ቀየሩ እንጂ አልወደቁም። የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገርም እዚሁ ላይ ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሥራው ስሌት

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሥራው የቆመበትን ስሌት መመልከት ይጠቅማል። ለኪራይ የሚሠራ ሕንፃ ዋጋ የሚለካው በፈጀው ሲሚንቶና ብረት ሳይሆን በሚያስገባው ኪራይ ነው። ለምሳሌ አንድ ሕንፃ የመሬቱን ዋጋ ጨምሮ 100 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ እንበል። ከወጪ ቀሪ በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ኪራይ ቢያስገባና ገዢዎች ባወጡት ገንዘብ ላይ በዓመት 8 በመቶ ገቢ ቢበቃቸው፣ ለሕንፃው 125 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ፈቃደኞች ይሆናሉ። ከወጪው በላይ የተገኘው 25 ሚሊዮን ዶላር አልሚው የፈጠረው አዲስ ሀብት ነው።

ነገር ግን አልሚ በራሱ ገንዘብ ብቻ አይሠራም። ከ100 ሚሊዮኑ 80ው ከባንክ የተበደሩት፣ 20ው ብቻ የባለአክሲዮኖቹ ቢሆን፣ ከ125 ሚሊዮኑ ዕዳው ሲቀነስ 45 ሚሊዮን ይቀራቸዋል። የሕንፃው ዋጋ በሩብ ሲያድግ የእነርሱ ድርሻ ከሁለት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። በአንጻሩ ደግሞ ኪራዩ ወደ 6 ሚሊዮን ዝቅ ቢል ያው ሕንፃ የሚያወጣው 75 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል። ዕዳው 80 ስለሆነ የባለአክሲዮኖቹ ድርሻ ባዶ ሆነ። በዚህ ሁሉ መካከል ከሕንፃው አንዲት ብሎኬት አልተነቃነቀችም። ስለሆነም ብድር እንደ ማንሻ ብረት ነው፤ ጥቂቱን ጉልበት ያበዛል፤ ሲያመልጥ ግን ያነሣውን ሸክም በያዘው ሰው ላይ ይጥለዋል።

ከንጣፍ ነጋዴነት ወደ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ

ኩባንያውን የመሠረቱት አልበርት፣ ፖልና ራልፍ ራይክማን የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ቤተሰቡ በቪየና ይኖር የነበረ የአይሁድ ቤተሰብ ሲሆን፣ ከናዚዎች ሸሽቶ በፓሪስ በኩል ወደ ታንጀር ከሄደ በኋላ በ1950ዎቹ ወደ ካናዳ ተሻገረ። በቶሮንቶ የጀመሩት ሥራ የወለልና የግድግዳ ንጣፍ ንግድ ነበር። ለንጣፉ መጋዘን ለማሠራት ዋጋ ሲጠይቁ ሥራ ተቋራጮች ያቀረቡት ዋጋ ስለበዛባቸው ራሳቸው አሠሩት፤ ወጪውም ከቀረበላቸው ዋጋ እጅግ ያነሰ ሆነ። የመጀመሪያው ትምህርታቸው ይህ ነበር፤ ከሌላው ባነሰ ወጪ መሥራት የቻለ፣ ኪራዩ ከሌላው ጋር እኩል እንኳ ቢሆን ትርፍ አለው።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው በ1965 ነው። ዊልያም ዜከንዶርፍ የተባለው ታዋቂ የኒው ዮርክ አልሚ በዕዳ ተይዞ ኩባንያው በከሰረበት በዚያ ዓመት፣ ወንድማማቾቹ በቶሮንቶ ፍሌሚንግዶን ፓርክ በተባለው ስፍራ የነበረውን ሰፊ መሬት ገዙ። ሌላው በጨነቀው ጊዜ የሚሸጠውን፣ እርጋታና ገንዘብ ያለው በርካሽ ይገዛዋል። የዜከንዶርፍ ዕጣ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ለእነርሱም እንደሚደርስ ግን በጊዜው ማንም አልገመተም።

በ1975 በቶሮንቶ መካከል የተጠናቀቀው ፈርስት ካናዲያን ፕሌስ 72 ፎቅና 298 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ ነው። በዚህ ሥራ የታየው ብልሃት ለሙያችን ትልቅ ትርጉም አለው። በረጅም ሕንፃ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚባክነው ሠራተኛውና ዕቃው ወደ ላይ ለመውጣት በሚጠብቁበት ሰዓት ነው። ኩባንያው የአሳንሰሩንና የዕቃ ማንሻውን ጉዞ እንደ ባቡር ሰዓት በፕሮግራም አስይዞ ይህን ብክነት ቀነሰ። አንድ ቢሊዮን ዶላር በ15 በመቶ ወለድ የተበደረ ሰው በእያንዳንዱ ቀን ከ410 ሺህ ዶላር በላይ ወለድ እንደሚቆጠርበት ላሰበ፣ የመሐንዲሱ የሥራ ፕሮግራም ራሱን የቻለ የሀብት ምንጭ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ይሁን እንጂ ያው ሕንፃ ሌላም ነገር ያስተምራል። የለበሰው የጣሊያን የካራራ እብነ በረድ ከጊዜ ብዛት እየተጣመመ፣ በ2007 አንድ ሰሌዳ ከላይ ወደቀ፤ በኋላም ልባሱ ሁሉ ወልቆ በ2012 በመስታወት ተተካ። በምርቃቱ ቀን ውበት የነበረው በሌላ ባለቤት ዘመን ወጪ ሆነ።

የኒው ዮርክ ድል

በ1975 የኒው ዮርክ ከተማ አስተዳደር ለመክሰር ተቃርቦ ነበር። ብዙ ኩባንያዎች ከተማዋን እየለቀቁ ስለነበር የቢሮ ሕንፃ ዋጋ ወረደ። በ1977 ኦሊምፒያ ኤንድ ዮርክ የዩሪስ ሕንፃዎች በመባል የሚታወቁትን ስምንት ትላልቅ የቢሮ ሕንፃዎች በ320 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ከተማዋ አገገመች፤ ኪራይ ናረ፤ የሕንፃዎቹም ዋጋ ከግዢው ብዙ እጥፍ ሆነ።

ኩባንያው ግን ሕንፃዎቹን ሸጦ ትርፉን አልወሰደም። በአደገው ዋጋ ላይ እንደገና ተበደረ። በ1984 በማንሃተን ባሉ ሦስት ሕንፃዎች መያዣነት ብቻ 970 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ዘዴው ለባለሀብት እጅግ የሚመች ነው፤ ሕንፃው እጅ ላይ ይቀራል፣ ገንዘቡም ለሚቀጥለው ሥራ ይውላል። በዚህ ዓይነት በሐድሰን ወንዝ ዳር፣ ለዓለም ንግድ ማዕከል መሠረት ከተቆፈረው አፈር በከፊል በተሞላው የባተሪ ፓርክ ሲቲ መሬት ላይ፣ በአርክቴክት ሴዛር ፔሊ የተነደፉ አራት ታላላቅ የቢሮ ሕንፃዎች በ1980ዎቹ ተሠሩ። ወደዚያ እንዲመጡ የተፈለጉት ትላልቅ ተከራዮች በቀድሞ ቢሯቸው ውል የታሰሩ ስለነበሩ፣ ኩባንያው አሮጌ ሕንፃቸውን ወይም ውላቸውን እየተረከበ አዲሱን አከራያቸው። አሜሪካን ኤክስፕረስና ሜሪል ሊንች በዚህ ስፍራ ገቡ።

ስኬቱ ድፍረትን ወለደ። በ1981 አቢቲቢ ፕራይስ የተባለውን የወረቀት ኩባንያ፣ በ1985 ደግሞ ገልፍ ካናዳ የተባለውን የነዳጅ ኩባንያ ያዙ። ኩባንያው የቤተሰብ ስለነበር ሂሳቡ በይፋ አይታተምም ነበር፤ አበዳሪዎችም በአብዛኛው በስሙና በቀድሞ ታሪኩ ተማምነው ያበድሩት ነበር። ስም መልካም መያዣ ነው፤ ነገር ግን ሸክም አይለካበትም።

የለንደን ፈተና

በምሥራቅ ለንደን በቴምዝ ወንዝ ጠመዝማዛ ውስጥ በ1802 የተከፈተው የዌስት ኢንዲያ ወደብ፣ መርከቦች እየገዘፉና የዕቃ አጫጫን ዘዴው እየተለወጠ ሲሄድ ሥራ አጥቶ በ1980 ተዘጋ። መንግሥት በ1981 የአካባቢውን ልማት የሚመራ ኮርፖሬሽን አቋቋመ፤ በ1982 ደግሞ በስፍራው ለሚገነቡ የግብር እፎይታ ፈቀደ። በ1986 የለንደን የአክሲዮን ገበያ ደንብ ሲላላ ባንኮች ሰፋፊ አዳዲስ ቢሮዎችን መፈለግ ጀመሩ። ካናሪ ዋርፍ የተባለውን ዕቅድ ሌሎች ጀምረው ሊገፉበት ስላልቻሉ፣ በሐምሌ 1987 ኦሊምፒያ ኤንድ ዮርክ ተረከበው። ስፍራው 29 ሄክታር ያህል ነበር።

ሥራው በምህንድስና በኩል የሚያስመሰግን ነበር። ከሕንፃዎቹ ከፊሉ የቀድሞው ወደብ ውሃ በነበረበት ላይ በክምር መሠረት ቆመ፤ ከግንባታው ዕቃ ብዙው የከተማውን መንገድ ሳያጨናንቅ በወንዙ በጀልባ ተጓጓዘ። ባለ 50 ፎቁና 235 ሜትር ከፍታ ያለው ዋን ካናዳ ስኩዌር በ1991 ተከፈተ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ሻርድ የተባለው ሕንፃ እስኪበልጠውም ድረስ በብሪታንያ ረጅሙ ሕንፃ ነበር።

ታዲያ የጎደለው ምን ነበር? አንደኛው መንገድ ነው። ከከተማው መካከል ወደዚያ የሚያደርሰው አቅም ያለው የምድር ውስጥ ባቡር አልነበረም፤ በ1987 የተከፈተው ቀላል ባቡር የሚበቃ አልሆነም። ኩባንያው ለጁቢሊ መስመር መቀጠያ 400 ሚሊዮን ፓውንድ ለማዋጣት ተስማምቶ ነበር፤ ግን ቢሮዎቹ ሲያልቁ ባቡሩ ገና በወረቀት ላይ ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ከጥቅምት 1989 ጀምሮ ለአንድ ዓመት የእንግሊዝ መሠረታዊ ወለድ 15 በመቶ ሆነ፤ ቀጥሎም የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ መጣ። በኒው ዮርክ የሠራው የተከራዮችን አሮጌ ውል የመረከብ ዘዴ፣ ገበያው ሲወድቅ ባዶ ቢሮዎችን መሸከም ሆነ።

ሦስተኛውና ዋነኛው የብድሩ ዕድሜ ነው። ሕንፃ ኪራዩ ተጠራቅሞ ዋጋውን እስኪመልስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ኩባንያው ግን ከፊሉን ዕዳ በየጥቂቱ ወራት እየታደሰ በሚሄድ የአጭር ጊዜ የብድር ሰነድ ተሸክሞት ነበር። በ1992 መጀመሪያ በካናዳ የሰነዶቹ ደረጃ ሲቀነስ የሚያድሳቸው ጠፋ። በግንቦት 1992 ኩባንያው የፍርድ ቤት ጥበቃ ጠየቀ፤ በዚያው ወር ካናሪ ዋርፍ በአስተዳዳሪዎች እጅ ገባ። የኩባንያው ጠቅላላ ዕዳ ከ18 ቢሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ ተገመተ። በሦስት አሥርት ዓመታት የተሰበሰበው የቤተሰቡ ሀብት በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኛው ጠፋ።

ፍሬውን ማን ለቀመው?

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። የባቡሩ መስመር ሥራ በ1993 መጨረሻ ተጀምሮ በ1999 ተከፈተ። ከዚያ በፊት፣ በ1995 መጨረሻ፣ ፖል ራይክማን ራሱ ያሰባሰባቸውና የሳዑዲው ልዑል አልወሊድ የሚገኙባቸው ባለሀብቶች ካናሪ ዋርፍን ከባንኮቹ በ800 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዙት። ገዢዎቹ የከፈሉት ለግንባታው ከወጣው እጅግ ያነሰ ስለነበር፣ ባቡሩ ሲደርስና ባንኮች ሲገቡ ትርፉ የእነርሱ ሆነ። በ1999 አክሲዮኑ በለንደን ገበያ ለሕዝብ ቀረበ። በ2004 ሶንግበርድ ወደተባለ ስብስብ፣ በ2015 ደግሞ በ2.6 ቢሊዮን ፓውንድ ወደ ኳታር የኢንቨስትመንት ባለሥልጣንና ወደ ካናዳው ብሩክፊልድ ተላለፈ። እነዚህም ቢሆኑ ከፈተና ነጻ አይደሉም፤ ከታላላቆቹ ተከራዮች አንዱ የሆነው ኤች ኤስ ቢ ሲ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤቱን ከዚያ እንደሚያነሣ በ2023 አስታውቋል።

እንግዲህ ያው ግንብ፣ ያው ብረት፣ ያው መሠረት በአንዱ ባለአክሲዮን እጅ ኪሳራ፣ በሌላው እጅ ሀብት ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች ስለ ስፍራው የነበራቸው እምነት ትክክል ነበር፤ የዕዳቸው ቀጠሮ ግን ከኪራዩና ከባቡሩ ቀጠሮ ቀደመ። አንዱ ዘርቶ ሌላው ያጨደው በዚህ ምክንያት ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው ዓለም አቀፍ የሕንፃ አልሚ ለባለአክሲዮኖቹ ሀብት የሚፈጥርባቸው መንገዶች የተሰወሩ አይደሉም፤ ሌላው በፈራ ጊዜ መግዛት፣ ከሌላው ፈጥኖና ባነሰ ወጪ መሥራት፣ የታመነ ተከራይ ማስገባት፣ ባደገው ዋጋ ላይ ተበድሮ ሥራን ማስፋት ናቸው። እያንዳንዳቸው ግን ልክ አላቸው፤ ልኩንም የሚወስነው ዕዳው የሚጠየቅበት ቀን ከገቢው ቀን ጋር መገጣጠሙ ነው።

መሐንዲስ አንድን ምሰሶ ሲያሰላ የዘወትሩን ጭነት ብቻ አይወስድም፤ ነፋሱንም፣ የመሬት መንቀጥቀጡንም አስቦ የደኅንነት መጠባበቂያ ይጨምራል። ለሕንፃው የተደረገው ይህ ጥንቃቄ ለብድሩም ቢደረግ ኖሮ የኦሊምፒያ ኤንድ ዮርክ ፍጻሜ ሌላ ይሆን ነበር ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የሙያ ባልደረቦች የሆን ሁላችን አንድ የሥራ ዕቅድ በቀረበልን ጊዜ ከመዋቅሩ ሥዕል ጎን የብድሩን የመክፈያ ሠንጠረዥ ለማየት ብንጠይቅ ከሙያችን ወሰን ወጣን አያሰኝም። ውሃና መንገድ መቼ ይደርሳሉ? ተከራዩ መቼ ይገባል? ዕዳው መቼ ይጠየቃል? የእነዚህ መልሶች ካልተስማሙ፣ እኛ ያቆምነው ሕንፃ ለዘመናት ቢቆምም ያሠሩት ሰዎች ከሥሩ ላይቆሙ ይችላሉ።