አኔቶደርማ፦ በቦታ በቦታ የሚላላ ቆዳ

አኔቶደርማ በቆዳ ላይ ትንንሽ የላሉ ቦታዎችን የሚያመጣ፣ እምብዛም የማያጋጥም የቆዳ ችግር ነው። ቆዳ ተስቦ ሲለቀቅ ወደ ቦታው የሚመለሰው ኢላስቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠሩ ቀጫጭን ክሮች በውስጡ ስላሉ ነው። በአኔቶደርማ እነዚህ ክሮች ቦታ መርጠው ይጠፋሉ። ችግሩ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ምልክቶቹ
• ከጥቂት ሚሊሜትር እስከ 2 ሴንቲሜትር የሚሆኑ ክብ ወይም ሞላላ ቦታዎች
• የተጨማደደ፣ የጎደጎደ ወይም እንደ ትንሽ ከረጢት ያበጠ ቆዳ
• በጣት ሲጫኑት ወደ ውስጥ መስመጥ
በብዛት የሚታየው በደረት፣ በጀርባ፣ በአንገትና በላይኛው ክንድ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አያሳክክም።

ዓይነቶቹ
የመጀመሪያው ዓይነት ጤናማ በነበረ ቆዳ ላይ የሚወጣ ሲሆን በወጣቶች፣ በተለይም በሴቶች ላይ ይበዛል። ሁለተኛው ብጉር፣ ጉድፍ፣ ቂጥኝ ወይም ሉፐስ በነካው ቆዳ ላይ የሚከሰት ነው። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይም የመከታተያ መሣሪያ በተለጠፈበት ቦታ ሊታይ ይችላል።

ለምን መመርመር ያስፈልጋል?
የላላው ቆዳ በራሱ አደገኛ አይደለም። ነገር ግን የመጀመሪያው ዓይነት ካለባቸው ሰዎች በአንዳንዶቹ ደም ውስጥ አንቲፎስፎሊፒድ የተባሉ አንቲቦዲዎች ይገኛሉ። እነዚህ በእግር፣ በሳንባ ወይም በአንጎል የደም ሥሮች ውስጥ ደም እንዲረጋ፣ በነፍሰ ጡሮችም ላይ ፅንስ በተደጋጋሚ እንዲጨነግፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ስለዚህ ከዚህ በፊት ደም ረግቶብዎት ወይም ፅንስ ጨንግፎብዎት ከሆነ፣ ባይጠየቁም ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ምርመራው
የቆዳ ሐኪም ትንሽ ናሙና ወስዶ ክሮቹን በሚያሳይ ልዩ ቀለም ያስመረምራል። ለአንቲቦዲዎቹ፣ ለሉፐስ፣ ለቂጥኝና ለኤች አይ ቪ የደም ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። አንቲቦዲዎቹ ከተገኙ ምርመራው ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ አንዳንድ ኢንፌክሽኖች ለጊዜው ሊያስነሷቸው ይችላሉና።

ሕክምናው
የጠፉትን ክሮች የሚመልስ ቅባትም ሆነ ኪኒን የለም። ጥቂት ከሆኑ በቀዶ ሕክምና ማስወጣት ይቻላል፤ ጠባሳ ግን ይተዋል። ከጀርባው ሌላ በሽታ ካለ እሱ ይታከማል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጀምሩ።

በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ይሂዱ
• አንድ እግርዎ ካበጠና ካመመዎት
• ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት
• ፊትዎ ከተጣመመ፣ ክንድዎ ከዛለ ወይም አንደበትዎ ከተሳሰረ