የሕንድ ፊልም ካሴት፣ «ሾሌይ»

ቪኤችኤስ ካሴት፤ ፕላስቲክ፣ 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ማግኔታዊ ክር

ድሬዳዋ የሕንድ ፊልም የምትወድ ከተማ ናት፤ ሲኒማ ቤት ያልገባም በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ተጠጋግቶ ተቀምጦ አይቷል። በካሴቱ ጠርዝ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ መሰበሯን ልብ ይበሉ፤ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የራሜሽ ሲፒ «ሾሌይ» (1975 እ.ኤ.አ.) ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ የተለመደው ባለ 180 ደቂቃ ካሴት አይበቃውም፤ ወይ ዘፈን ይቆረጣል፣ ወይ ፍጻሜው ይቀራል። ፍጻሜው ደግሞ የፊልሙ ልብ ነው። ሳንሱር ባስለወጠው የሲኒማ ቅጂ ወንበዴው ጋባር ሲንግ ለፖሊስ ተላልፎ ይሰጣል፤ ዳይሬክተሩ መጀመሪያ የቀረፀው ግን የሚበቀለው የቀድሞ ፖሊስ ታኩር ሲገድለው ነው። ይህ የመጀመሪያው ፍጻሜ ለተመልካች የደረሰው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ በወጣ የቪኤችኤስ ካሴት ነው።