ከጨጓራው መድኃኒት በፊት

ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ በድንገት ሲዘጋ የሚመጣው ሕመም በኢትዮጵያ ለረዥም ዘመን የሀብታም አገር በሽታ ተብሎ ታልፏል። እምነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። የሆስፒታሎቻችንን የልብ አልጋዎች ይዘው የኖሩት በአብዛኛው ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም ጀምሮ ቫልቫቸው የተበላሸባቸው ወጣቶች ናቸው፤ ዶክተር በላይ አበጋዝ የሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃን ያቋቋሙትም ይህንኑ አይተው ነው። ሆኖም ብርቅ የመሰለው በሽታ ምን ያህሉ በእርግጥ ብርቅ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ሳይታይ ያለፈ ነበር? የሌላው ዓለም ታሪክ እዚህ ላይ ይረዳል። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ አውሮፓና አሜሪካም ይህን በሽታ በአብዛኛው የሚያውቁት ከሬሳ ምርመራ ነበር። የቺካጎው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ ሕመምተኛው ከዚህ በሽታ ሊተርፍ እንደሚችል በ1912 (እ.ኤ.አ.) ሲጽፍ ሰሚ ያጣ ሲሆን፣ ነገሩ የተለወጠው የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት የሚስለው ኢሲጂ በየሆስፒታሉ ሲገባ ነው። በሽታው አዲስ አልነበረም፤ የሚያየው መሣሪያ ነው አዲሱ።

ሐዋሳ ለዚህ ክርክር ጥሩ ማሳያ ናት። በ1952 ዓ.ም. ገደማ በፕላን የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ስትሆን፣ ያኔ በአካባቢው ስሙ የሚነሳው ሕክምና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውና የኖርዌይ ሚሲዮን ሐኪሞች ያገለገሉበት የይርጋለም ሆስፒታል ነበር። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ሥራ የጀመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ያ ሁሉ ዓመት ደረቱን ጨምድዶት ላብ በላብ ሆኖ የሞተ ሰው በየትኛው መዝገብ ላይ የልብ ሕመምተኛ ተብሎ ይጻፍ ነበር? ቤተሰቡ የሚያውቀው ብርድ እንደመታው ወይም ጨጓራው እንደተነሳበት ብቻ ነው።

ጨጓራ የሚለው ግምት ደግሞ ከመሃይምነት አይመጣም፤ ሐኪሙንም ያታልላል። የልብ የታችኛው ግድግዳ ሲጎዳ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከእንብርት በላይ ይሰማል፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስም ይከተለዋል። በእጅ በመዳሰስ አይለይም። ደረት ላይ ስድስት፣ እጅና እግር ላይ አራት ሆነው ከተለጠፉት ሽቦዎች በሚወጣው ወረቀት ላይ ግን ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና ኤቪኤፍ የሚባሉት መስመሮች ከፍ ብለው ይታያሉ። ሕመምተኛው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ይነሣ የሚባለውም ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ደህና ቢመስልም ሕመሙ እስካልተወ ድረስ መድገም ያስፈልጋል፤ ትሮፖኒን የተባለው የደም ምርመራ እንኳ ከፍ እስኪል ሰዓታት ሊወስድ ይችላል።

«የተዘጋውን ቧንቧ በፊኛ የሚከፍት ክፍል በሌለበት ማወቁ ምን ይጠቅማል? አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው፤ ሆኖም የዘመን ቅደም ተከተሉን ይዘነጋል። ግሩንትዚግ የተባለው ሐኪም ዙሪክ ላይ የልብ ቧንቧን በፊኛ የከፈተው በ1977 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የሞት ቁጥሩን በሰፊው ቀንሶ ያሳየው ጥናት ግን በ1988 (እ.ኤ.አ.) 17,187 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ሲሆን፣ የፈተነውም አስፒሪንንና የረጋ ደም የሚያሟሟውን ስትሬፕቶካይኔዝን ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ባገኙት ላይ በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ሕመም የደረሰው ሞት ሁለቱንም ካላገኙት በ42 ከመቶ አነሰ። አስፒሪን ብቻውን 23 ከመቶ ቀነሰ፤ ርካሹ ክኒን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፦ ደረቱን ላመመው ሁሉ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከተሰጠ፣ ጨጓራው የሚደማው ወይም ትልቁ የደም ቧንቧ የተሰነጠቀበት ሰው ሊሞት ይችላል። እውነት ነው። ይህ ግን ምርመራውን የሚያስቀድም ምክንያት እንጂ ሕክምናውን የሚያስቀር አይደለም። ወረቀቱን የሚያነብ የልብ ሐኪም በቅርብ የለም የሚለውንም የኢሲጂ ፈልሳፊው አይንቶቨን ራሱ ከመቶ ዓመት በፊት መልሶታል፤ በ1905 (እ.ኤ.አ.) ሌይደን ሆስፒታል ውስጥ የተኛ ሰው የልብ ምት 1.5 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ላቦራቶሪው በስልክ ሽቦ ይላክለት ነበር። ዛሬ ፎቶውን አንስቶ አዲስ አበባ ላለ ባልደረባ በስልክ መላክ ከዚያ በእጅጉ ይቀላል።

በሐዋሳው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ሰው እንግዲህ ትልቁ ርቀት እስከ አዲስ አበባ ያለው አይደለም። ደረቱ ከተያዘበት ሰዓት እስከ መጀመሪያው ኢሲጂ ያለው ነው፤ ባጃጅ ይዞ ወደ ድንገተኛ ክፍል ከመሄዱ በፊት ለቃር የሚሆን መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝቶ፣ ሲነጋ አያለሁ ብሎ የሚተኛበት ሌሊት።